ጋዜጣው ኩባያ ሲሸጥ

ኒውዮርክ ታይምስ ሱቅ አለው። ኮፍያ፣ ኩባያ፣ የጨርቅ ቦርሳ ይሸጣል። ከፈለግክ በተወለድክበት ቀን የወጣውን የፊት ገጽ በፍሬም አድርጎ ይልክልሃል። ዋሽንግተን ፖስትም ስሙን ያተመበት ካናቴራ ሸጧል። የዚህ ነገር ወሬ ሲነሳ ጋዜጠኞች ከአለቆቻቸው በሚወርድ «አዲስ አቅጣጫ» ላይ ለምን እንደሚያሾፉም አብሮ ይነሳል። ያኔ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ ልክ አይደሉም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«ጋዜጣ ዕቃ መሸጥ የጀመረው ሲቸግረው ነው»

እንዲያውም ሲደላው ነው። በ1889 የጆሴፍ ፑሊትዘር ጋዜጣ ኒውዮርክ ወርልድ ኔሊ ብላይ የተባለች ዘጋቢውን ዓለምን ዞረሽ ነይ ብሎ ላካት። በ72 ቀን ጨርሳ በጃንዋሪ 1890 ተመለሰች። ጋዜጣው ወዲያው ጉዞዋን የቤት ውስጥ ጨዋታ አድርጎ ሙሉ ገጽ ላይ አተመው። በኋላ ያው ጨዋታ በካርቶን ታሽጎ ገበያ ወጣ። ወርልድ በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ከተማ ረጅሙን ሕንፃ ያስመረቀ ጋዜጣ ነው። የቸገረው አይመስልም።

«ኩባያው ጋዜጣውን ያኖረዋል»

ሒሳቡን እንየው። ኒውዮርክ ታይምስ በ2023 ያስገባው 2.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። 1.66 ቢሊዮኑ ከደንበኞች ክፍያ፣ ግማሽ ቢሊዮን ያህሉ ከማስታወቂያ መጣ። የቀረው 265 ሚሊዮን ገደማ «ሌሎች» በሚል ተጠቃሏል። እዚያ ውስጥ የጽሑፍ መብት ሽያጭ አለ። ዋየርከተር የተባለው የዕቃ መገምገሚያ ገጹ የሚያገኘው ኮሚሽን አለ። የሕንፃ ኪራይ ሳይቀር አለ። ኩባያው እዚህ ሁሉ መሃል አንድ ጥግ ይዞ ነው የሚገኘው።

ታዲያ ለምን ይደክማሉ? ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ማስታወቂያ ስለሚሆንላቸው ነዋ። ሌላም ነገር አለ። ኦባማ በተመረጠ ማግስት፣ ኖቬምበር 5 ቀን 2008፣ አሜሪካ ውስጥ ሰው ጋዜጣ ለመግዛት ተሰልፏል። ጋዜጦቹ ተጨማሪ ቅጂ አተሙ። ዜናውን እኮ ሁሉም ማታ በቴሌቪዥን አይቶታል። የፈለገው ወረቀቱን ነው፣ አስቀምጦ ለልጁ የሚያሳየውን። ይህን ስሜት ያየ ነጋዴ ዝም ብሎ ያልፋል?

«ጋዜጠኞች የሚያሾፉት ለውጥ ስለሚፈሩ ነው»

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ።

የቺካጎ ትሪቢዩንና የሎስ አንጀለስ ታይምስ ባለቤት የነበረው ኩባንያ በጁን 2016 ስሙን «ትሮንክ» አለው። ትሪቢዩን ኦንላይን ኮንቴንት ለማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህንን ግን መልአክ ያወጣው አይመስልም። ስለ አዲሱ ዘመን የሚያብራራ ቪዲዮም ተለቀቀ። ዘገባ «ኮንቴንት» (ይዘት) ሆነ፣ ሥራው ደግሞ «ኦፕቲማይዝ» ማድረግ (ማመቻቸት እንደማለት)። አገር ሳቀ፤ ሠራተኞቹም ሳቁ። ለውጥ ጠሉ ተባሉ።

ቀጥሎ የሆነውን ተመልከት። ትሮንክ በሴፕቴምበር 2017 የኒውዮርኩን ዴይሊ ኒውስ ዕዳውን ተረክቦ በ1 ዶላር ገዛ። በጁላይ 2018 የዜና ክፍሉን ግማሽ ሠራተኛ በአንድ ቀን አሰናበተ። በኦክቶበር ስሙን ወደ ትሪቢዩን ፐብሊሺንግ መለሰ። የሳቁት ምኑ ላይ ተሳሳቱ?

ደግሞ ስቀው ብቻ አልተቀመጡም። የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጠኞች በጃንዋሪ 2018 የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም 248 ለ44 ድምፅ ሰጡ። በዚያ ዜና ክፍል ከ130 ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ለውጥ የሚፈራ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ከጀርባው ያለውን ቁጥርም አስብ። ፒው የምርምር ማዕከል እንዳሰላው በአሜሪካ ጋዜጦች የዜና ክፍሎች በ2008 ወደ 71,000 ሰው ይሠራ ነበር። በ2020 31,000 ያህል ቀረ። ጎንህ ያለው ወንበር በየዓመቱ ባዶ ሲሆን እያየህ «አብረን እናድጋለን» የሚል ኢሜይል ቢደርስህ ምን ታደርጋለህ? ለቀረው ባልደረባህ ፎርዋርድ ታደርገዋለህ። ከምፀት ጋር።

«መፈክር እኮ ነው፣ ምን ያመጣል?»

ያመጣል። ዋሽንግተን ፖስት በፌብሩዋሪ 2017 «ዴሞክራሲ በጨለማ ውስጥ ይሞታል» የሚል መፈክር ያዘ። ካናቴራም ላይ ታተመ። በኦክቶበር 2024 ግን ለምርጫው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ለፕሬዚዳንትነት ማንንም ዕጩ እንደማይደግፍ አሳወቀ። ከ250,000 በላይ ሰዎች ደንበኝነታቸውን እንደሰረዙ ተዘገበ። ያው መፈክር መልሶ እነሱን መምቻ ዱላ ሆነ። ካናቴራ ላይ ያተምከውን ሰው ያስታውስሃል።

«ሠራተኛው ስጦታውን ይንቃል»

አይንቅም። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ቤት የትርፍ ሰዓት ክፍያችን ለሦስት ወር ሲዘገይ፣ በአራተኛው ወር «ቤተሰብ ነን» የሚል ካናቴራ ታደለን። አዳራሹ ውስጥ ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዱ «በዚህ አስቤዛ ይሸመትበታል?» አለ። ካናቴራውን እስካሁን ለብሼ እተኛለሁ። ጨርቁ ጥሩ ነው።