ዳይኖሰር ምንድን ነው?

በተለምዶ ዳይኖሰር የምንለው ግዙፍ ሆኖ ከምድር የጠፋን ጥንታዊ እንስሳ ሁሉ ነው። በባሕር ይዋኝ የነበረውን ኢክቲዮሳውረስንም፣ በአየር ላይ ይበር የነበረውን ቴሮዳክቲልንም በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን። ሁለቱም ግን ዳይኖሰር አይደሉም። ስያሜው ከመጀመሪያውም የወጣው ግዝፈትን ሳይሆን የዳሌን አጥንት አይቶ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 የኦክስፎርዱ መምህር ዊልያም በክላንድ ሜጋሎሳውረስ ብሎ የሰየመውን ሥጋ በል እንስሳ ይፋ አደረገ። በዓመቱ ደግሞ ጌዲዮን ማንቴል የተባለ የሰሴክስ ሐኪም ኢጓኖዶንን ሰየመ። በእጁ የነበሩት ጥርሶች ኢጓና የተባለውን እንሽላሊት ጥርስ ቢመስሉም እጅግ ይገዝፉ ነበር። ስለዚህ የጥርሱን ብልጫ ያህል አካሉንም አባዛና ርዝመቱን ከ18 ሜትር በላይ አደረሰው። በ1833 ሦስተኛውን ሃይሌዮሳውረስን የሰየመውም እርሱ ነው።

ሦስቱን በአንድ ወገን ያሰባሰባቸው የአናቶሚ ሊቁ ሪቻርድ ኦወን ነበር። በዛሬዎቹ እንሽላሊቶችና አዞዎች ከዳሌ ጋር የሚያያዙት የአከርካሪ አንጓዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። ኦወን የሜጋሎሳውረስንና የኢጓኖዶንን ቅሪተ አካል ሲመረምር ግን አምስት አንጓዎች ተጣብቀው እንደ አንድ አጥንት ሆነው አገኛቸው። እንዲህ ያለው ጠንካራ ዳሌ በሆዱ የሚሳብ እንስሳ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው እግሮቹን ከሥሩ ተክሎ ከባድ አካሉን ለሚሸከም ነው። ኦወን እ.ኤ.አ. በ1841 በፕሊመዝ ከተማ ስለ እንግሊዝ ጥንታዊ ተሳቢ እንስሳት ንግግር አደረገ፤ በ1842 በታተመው ዘገባው ላይም ለእነዚህ ፍጥረታት “ዳይኖሶሪያ” የሚል የግሪክኛ ስም አወጣላቸው፤ አስፈሪ ግዙፍ እንሽላሊት እንደ ማለት ነው። ርዝመቱንም ከጥርስ ይልቅ ከአከርካሪ አንጓዎች አስልቶ ኢጓኖዶንን ወደ 8.5 ሜትር አወረደው።

ኦወን ለማንቴል የሚገባውን ክብር የነፈገ ሰው ነው። ማንቴል ቤቱን ሙዚየም እስከማድረግ ደርሶ፣ ሕክምናውን ችላ ብሎ፣ ትዳሩም ፈርሶ የደከመበት ሥራ ነበርና ይህ በደል ያሳዝነኛል። ያም ሆኖ የተበታተነ አጥንት ይዞ የእንስሳውን አቋቋም ማወቅ ታላቅ ማስተዋል ነው፤ ይህን የኦወንን ድርሻ መካድ አይቻልም።

ሁሉም ነገር ግን አልተሳካለትም። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ክሪስታል ፓላስ በእርሱ አማካሪነት የተሠራው የኢጓኖዶን ሐውልት አፍንጫው ላይ ቀንድ ነበረው። በ1878 በቤልጂግ በርኒሳር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ከ30 በላይ ኢጓኖዶኖች ሲገኙ፣ ያ ቀንድ የአውራ ጣት አጥንት መሆኑ ታወቀ።

በ1887 እንግሊዛዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሃሪ ሲሊ ዳይኖሰሮችን ለሁለት የከፈላቸውም በዳሌያቸው ቅርጽ ነው። የአምስቱ አንጓዎች መለኪያ ዛሬ ቢቀርም ተመራማሪዎች አሁንም ዳሌውን ያያሉ፦ የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ በዳይኖሰሮች ወለል የለውም፤ ወደ ውስጥ የተበሳ ነው።