ልብሱን ማን አመጣው?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሐዋሳ ገብርኤል ግቢ ውስጥ አንዲት እናት የልጃቸውን ሸሚዝ ሲቆልፉለት አየሁ። ልጁ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ጎረምሳ ነው። ገና ከጸበል መውጣቱ ነው፤ ፀጉሩ ይንጠባጠባል። እናቱ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አንድ ክኒን አውጥተው በሃይላንድ ውሃ አስዋጡት።

አጠገቤ የቆመ ወንድም «ጸበልም ክኒንም? እምነት የለም ማለት ነው» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከነከነኝ።

ማርቆስ ምዕራፍ 5ን ታስታውሳላችሁ። አጋንንት ያደሩበት ያ ሰው በመቃብር ይኖር ነበር። የአገሩ ሰው የሚያውቀው መፍትሔ ሰንሰለትና እግር ብረት ብቻ ነበር። ጌታ ከፈወሰው በኋላ ግን «ለብሶ ልቡም ተመልሶ ተቀምጦ» አገኙት። ሉቃስ ደግሞ ሰውዬው ለብዙ ጊዜ ልብስ ሳይለብስ እንደኖረ ይነግረናል። ታዲያ ልብሱ ከየት መጣ? አጋንንቱን ያወጣው ጌታ ነው። ልብሱን ግን ከቆሙት አንዱ አውልቆ የሰጠው ይመስለኛል። (የእኔ ግምት ነው፤ ትርጓሜ ብላችሁ እንዳትይዙብኝ።)

ይህን ሳስብ ሊንዳ ሪቻርድስ ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1873 ቦስተን ላይ ሠልጥና በአሜሪካ የመጀመሪያውን የነርስነት ዲፕሎማ የተቀበለች ናት። ከዚያ በፊት እናቷን በሳንባ ነቀርሳ፣ እጮኛዋን በጦርነት ቁስል እያስታመመች ቀብራለች። ስትማር ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ተነስታ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ትሠራ ነበር። የምትተኛውም በሕሙማኑ ክፍሎች መሐል ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ስድስቱን ታማሚዎቿን ሌሊትም የምትጠብቀው እሷው ናት። ጃፓን ሄዳ ነርሶችን አሠልጥናለች። በ1911 ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታት በአብዛኛው የሰጠችው ግን ለአእምሮ ሆስፒታሎች ነው። በዚያ ዘመን የብዙዎቹ ሠራተኞች ሥራ መጠበቅና መቆለፍ ነበር። እሷ አካሉ የታመመ የሚያገኘውን እንክብካቤ አእምሮው የታመመም ማግኘት አለበት ብላ ነርሶችን አስተማረች።

እኛ አገር የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ስፔሻሊስት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ በየክፍለ ሀገሩ ታማሚውን የተቀበሉት እነዚህ ነርሶች ናቸው። «አማኑኤል» ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። እኛ ግን «ይሄ አማኑኤል መግባት አለበት» እያልን ስድብ አደረግነው። እኔም ብዬ አውቃለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ብሎም ይጨምራል። ይህ መጽሐፍ ከ81ዱ አንዱ ነው። እና ክኒኑን የምንፈራው ለምንድን ነው?

ዛሬ ጠዋት እናቲቱን እዚያው አገኘኋቸው። «እማማ፣ ልጁ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ተመስገን፣ እንቅልፍ ይተኛል። ሲስተር ናት ጸበሉንም ክኒኑንም እንዳታስቋርጪው ያለችኝ። እሷም እዚሁ ነው የምታስቀድሰው» አሉኝ።

ሲስተር። እህት ማለት እኮ ነው፤ ስንጠራቸው ልብ ብለነው አናውቅም።

«በል እስቲ ይቺን ሃይላንድ ያዝልኝ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። የሸሚዙን ቁልፍ አሳስቶ ቆልፎት ነበር።