ስለ ሜግ ራያን የምንሳሳተው

ባለፈው ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን የድሮ ፊልሞችን ስናነሳ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሜግ ራያን ላይ ደረስን። «እሷማ ፈገግ ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ መጨረሻ ላይ ትሳማለች፤ አለቀ» አለ አንዱ። ሌሎቹም ተስማሙ። እኔ ግን በካሴት ዘመን ከፒያሳ ቪዲዮ ቤት እየተከራየሁ ፊልሞቿን ሳይ ነው ያደግኩት። ዝም ማለት አላስቻለኝም። እነሱ ያሉትንና እኔ ያልኳቸውን እዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሮማንቲክ ኮሜዲ ቀላል ነው፤ ቆንጆ መሆን ይበቃል።»

በፍጹም። የ1989ኙ «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» ላይ ሳሊ (ሜግ ራያን) ምግብ ቤት ተቀምጣ፣ ሴት ልጅ አልጋ ላይ ደስታን ማስመሰል እንደምትችል ለሃሪ ታሳየዋለች። ቤቱ ሙሉ ሰው እያየ! የፊልሙ ጸሐፊ ኖራ ኤፍሮን ናት። ነገሩ በወሬ ብቻ ከሚያልፍ ምግብ ቤት ውስጥ በተግባር ይታይ ያለችው ግን ራሷ ሜግ ራያን ናት። ስትጨርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ሹካዋን አንስታ መብላቷን ስትቀጥል እዩዋት። ሳቁ ያለው እዚያ ጋ ነው። እኛም በየሲኒማ ቤቱ ስንት ሮማንቲክ ኮሜዲ አይተናል። ተዋናዩ ሳቅ ሲለምን ተመልካቹ ስልኩን እንደሚያወጣ እናውቃለን።

«ከቶም ሀንክስ ጋር ሁሌም ያው ነው።»

«ስሊፕለስ ኢን ሲያትል» (1993) ላይ ሁለቱ በወጉ የሚገናኙት መጨረሻ ላይ፣ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ አናት ላይ ነው። እስከዚያ የምትናፍቀው በሬዲዮ የሰማችውን ድምፅ ነው። አጠገቧ የሌለን ሰው ብቻዋን ሆና ማፍቀር ነበረባት። አብረው መሥራት የጀመሩት ደግሞ በ1990 «ጆ ቨርሰስ ዘ ቮልኬኖ» ላይ ነው። እዚያ ሦስት የተለያዩ ሴቶችን ሆና ትጫወታለች። የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው።

«ከባድ ድራማ አይሆንላትም።»

በ1994 «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ውማን» ላይ አሊስ ናት። የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ የአብራሪ ሚስት፣ ተደብቃ የምትጠጣ። አንድ ቀን ትልቋን ልጇን በጥፊ ትመታና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተዝለፍልፋ ትወድቃለች። ያ የምንወደው ፈገግታ እዚህም አለ፤ ግን መደበቂያዋ ሆኗል።

ከሁሉ የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሊስ ታክማ መጠጥ ስታቆም ትዳሩ ይብስበታል። ባሏ (አንዲ ጋርሲያ) ስትወድቅ ሲያነሳት፣ ስታጠፋ ሲሸፍንላት ኖሯል። ራሷን ስትችል እሱ ቦታው ጠፋው። እኛ ሰፈር የሚጠጣ ወንድ ይወራበታል። የምትጠጣ እናት ግን ገበና ናት፤ ጓዳ ውስጥ ትቀራለች። ለዚህ ነው ይህ ፊልም ለእኛ ቤት ቅርብ የሚመስለኝ። የሙያ አጋሮቿም አላለፏትም፤ የአሜሪካ የስክሪን ተዋንያን ማኅበር በዋና ተዋናይትነት ለሽልማት አጭቷታል።

«‹ከሬጅ አንደር ፋየር› የዴንዘል ዋሺንግተን ፊልም ነው።»

የእሱም ነው። ግን ታሪኩ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የሞተች የሄሊኮፕተር አብራሪ፣ ካፒቴን ካረን ዋልደን። ወታደሮቹ ስለ እሷ የሚሰጡት ምስክርነት አይገጥምም። አንዱ ጀግና ያደርጋታል፣ ሌላው ፈሪ። ሜግ ራያን ሁለቱንም ሆና ታሳምናለች።

«ከዚያ በኋላ ጠፋች።»

ከካሜራ ፊት ራቅ አለች እንጂ አልጠፋችም። በ2015 «ኢታካ»ን ዳይሬክት አደረገች። በ2023 ደግሞ «ዋት ሃፕንስ ሌተር»ን ዳይሬክት አድርጋ ራሷም ተጫወተችበት። በፊልሙ ላይ እሷና ተዋናዩ ዴቪድ ዱኮቭኒ ከብዙ ዓመት በፊት የተለያዩ ፍቅረኞች ናቸው። በረዶ አየር ማረፊያ ውስጥ አግቷቸው ያወራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይስቃሉ። ፊልሙን በ2012 ላረፈችው ኖራ ኤፍሮን መታሰቢያ አድርጋዋለች።