ድህነት በኢትዮጵያ፦ ከየት ይመጣል? ንግድስ ምን ያህል ይገፋዋል?

ድህነት ሲነሳ «ስንፍና ነው» የሚል አይጠፋም። ገበሬውን በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ያየ ግን እንዲህ አይልም። ችግሩ ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም፣ የተሠራው ሥራ ገንዘብ ሆኖ እጅ ላይ አለመቆየቱ ነው።

በመንግሥት ጥናት መሠረት በ1988 ዓ.ም ከድህነት መስመር በታች የነበረው ሕዝብ 45.5 በመቶ ሲሆን በ2008 ዓ.ም ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ትልቅ ለውጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ኮቪዱም፣ ጦርነቱም፣ ድርቁም፣ የኑሮ ውድነቱም ተደራርበው ነገሩን መልሰው አክብደውታል።

ሥሩ ያለው ገጠር ነው። የብዙ ቤተሰብ ማሳ አንድ ሄክታር አይሞላም፣ እሱም ለልጆች ሲከፋፈል እያነሰ ይሄዳል፤ እርሻውም ዝናብ ጠባቂ ነው። አንድ ጤፍ አምራች እንውሰድ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጭዶ ይወቃል። ጥር ላይ የማዳበሪያ ዕዳው አለ፣ ግብሩ አለ፣ ሰርጉም አለ፣ ስለዚህ ይሸጣል። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም በዚያው ሰሞን ስለሚሸጡ ዋጋው ይወርዳል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። በቆሎ ከሆነማ ልቆይ ቢልም ነቀዝ አያስቆየውም።

ንግድ እዚህ ጋ ገብቶ ሊረዳ ይችላል፣ ያውም በቀላል ነገር። ከውጭ ጆንያ፣ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ ያለው ከረጢት አየር ስለማያስገባ ነቀዙን ያለ መድኃኒት ይገድላል። ይህን በየገበያው የሚሸጥ ነጋዴ ያተርፋል፣ ገበሬውም ዋጋ እስኪወጣ ድረስ ይጠብቃል። ዕዳው ጊዜ ከሰጠው ማለት ነው።

ብድሩ ሌላ ጣጣ ነው። መሬት ስለማይሸጥ ባንኮች ገበሬውን ዞር ብለው አያዩትም ነበር፣ የቀረለት አራጣ አበዳሪ ነው። በ1988 ዓ.ም የማይክሮፋይናንስ፣ ማለትም የአነስተኛ ብድር ተቋማት፣ አዋጅ ወጥቶ ተቋማቱ በቡድን ዋስትና ማበደር ጀመሩ፣ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍላሉ። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ከብትና ምርትን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን ፈቀደ። ከተማ ውስጥ ግን ዕቁብ ዛሬም አለ። ወለድ የለበትም፣ ፎርም አያስሞላም፣ ስንቱ ሱቅ የተከፈተው ዕቁብ በደረሰው ሰው ነው!

ፋብሪካስ? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ተቀጠሩ። ደመወዙ ግን የቤት ኪራይና ምግብ ሲሸፈን የሚተርፍ አልነበረም፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስላልተቀመጠም የሚያስገድድ ሕግ የለም። ከዚያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያ ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ወጣች፣ ብዙ የገዢዎች ትዕዛዝም አብሮ ሄደ።

ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እዚሁ አገር ያደረጉት ጥናት እዚህ ላይ ይነሳል። ለፋብሪካ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ፣ ለአንዱ ቡድን ሥራው፣ ለሌላው 300 ዶላር ያህል ገንዘብና ሥልጠና ደረሰ፣ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ሥራ የደረሳቸው አብዛኞቹ በዓመቱ ለቀቁ። ገንዘብ ያገኙት ነግደው ገቢያቸውን በሲሶ ያህል አሳደጉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ሁሉም ተቀራረቡ። መነሻ ካፒታል አንድ ጊዜ መስጠት ይጠቅማል፣ ለብቻው ግን ሩቅ አያስኬድም።

እኔ ይበልጥ የማምነው የዋጋውን ክርክር በሚቀይር ንግድ ነው። በ1991 ዓ.ም የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን፣ ማለትም የገበሬ ማኅበራት ጥምረት፣ በመካከል ያሉትን እጆች ቀንሶ የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ያዘ። ትርፉም ተመልሶ ወደ ማኅበራቱ ይሄዳል። የዓለም ዋጋ ሲወድቅ ዩኒየንም አያድንም፣ ቢሆንም ገበሬው ደላላ በነገረው ዋጋ ብቻ ከመሸጥ ይሻለዋል።

ንግድ የማይደርስባቸውም አሉ። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የምግብ እጥረት በማይለቃቸው ወረዳዎች እርከንና ኩሬ ለሚሠሩ ይከፍላል፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ በቀጥታ ይሰጣል። ለእነዚህ ሰዎች «ተበድራችሁ ነግዱ» ማለት ዕዳ መጨመር ነው።