ሲምቦሊክ ሊንክ ምንድን ነው?

አዲስ የተከራያችሁት የሊኑክስ ሰርቨር ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። የተሞላው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሆነ ነው። መፍትሔው የሲስተሙ ማስተካከያዎች በሚቀመጡበት ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ባለው «ሎካልታይም» በሚባል ስም ላይ ነው። ይህ ስም አብዛኛውን ጊዜ ሲምቦሊክ ሊንክ፣ በአጭሩ ሲምሊንክ ነው።

ሲምሊንክ የሌላ ፋይል አድራሻ ብቻ የያዘ ትንሽ ፋይል ነው። ፕሮግራም ሊከፍተው ሲል ሲስተሙ አድራሻውን አንብቦ ዋናውን ፋይል ይከፍትለታል። «/ዩኤስአር/ሼር/ዞንኢንፎ/አፍሪካ/አዲስ_አበባ» የሚለውን ሙሉ አድራሻ የያዘ ሎካልታይም የፋይሎችን ዝርዝር በሚያሳየው «ኤልኤስ -ኤል» ትዕዛዝ ሲታይ መጠኑ 38 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አድራሻው ያለው ቁምፊ ልክ ያን ያህል ነው፤ ሌላ ምንም ነገር የለበትም።

ታዲያ በሊንክ ፋንታ ፋይሉን ኮፒ ማድረግ ምን ችግር አለው? አገሮች የሰዓት ሕጋቸውን ይቀይራሉ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2023 የበጋ ሰዓት አቆጣጠርን መልሳ ጀምራለች። የሰዓት ዳታው አፕዴት ሲደረግ ዋናው ፋይል ይታደሳል። ካይሮ ያለ ሰርቨር ሊንክ ከተጠቀመ አዲሱን ሕግ ያገኛል፤ ኮፒ ያደረገው ግን በአሮጌው ይቀጥላል።

ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ዌብሳይት የሚያቀርበው ፕሮግራም ኤንጂንኤክስም በዚሁ ይሠራል። የዌብሳይቶቹ ኮንፊግ (የማስተካከያ ፋይል) አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ሥራ ላይ የሚውሉት ብቻ በሌላ ፎልደር ሊንክ ይደረጋሉ። አንዱን ሳይት ለማቆም ሊንኩን አጥፍቶ ኤንጂንኤክስን ሪሎድ ማድረግ ይበቃል። የደከማችሁበት ኮንፊግ አይነካም። በጣም የምወደው አሠራር ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ሰርቨሩ የሚጠቀምበት ዲኤንኤስ (የዌብሳይት ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) በሚጻፍበት «ሪዞልቭ.ኮንፍ» ላይ ነው። ዲኤንኤስ ይቀይራል፣ ይሠራል፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ለውጡ የለም። ኡቡንቱ ላይ ይህ ስም «ራን» ፎልደር ውስጥ ወዳለ ፋይል የሚጠቁም ሊንክ ነው። ያ ፎልደር ሚሞሪ ላይ ስለሆነ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሲነሳ የዲኤንኤስ ሥራውን የሚመራው ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ ፋይሉን እንደገና ይጽፈዋል። ስለዚህ ዲኤንኤስ የሚቀየረው በኔትፕላን (በኡቡንቱ የኔትወርክ ማስተካከያ) ወይም በሪዞልቭድ በራሱ ኮንፊግ ነው።

ፋይል ውስጥ ያለ ጽሑፍን የሚቀይረው «ሴድ -አይ» ትዕዛዝ ደግሞ ሳታስቡት ሊንኩን በተራ ፋይል ይተካዋል። ዋናው እንዳለ ይቀራል፣ ለውጡ ኮፒው ላይ ብቻ ያርፋል፣ ማንም ሳያውቅ ሁለቱ ይለያያሉ። «--ፎሎው-ሲምሊንክስ» የሚለውን ጨምሩበት። ኢቲሲ ውስጥ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ «ሪድሊንክ -ኤፍ» ብላችሁ ስሙ በትክክል የት እንደሚያደርስ እዩ።