ከማሳ የሚወርደው ውሃ ከጠራ አፈሩ ምንም አልተወሰደበትም ማለት ነው?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ አንዴ ግልጽ እናድርገው። አይደለም። ጥርት ያለ ውሃም ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል።

ዝናብ ተዳፋት መሬት ላይ ሲወርድ ሁለት መንገድ አለው። አፈሩ ከሚመጠው በላይ ከዘነበ፣ ወይም አፈሩ ቀድሞ ከጠገበ፣ ውሃው ከላይ ከላይ እየፈሰሰ የላይኛውን አፈር ጠርጎ ይወስዳል። የበሰበሰው ቅጠልና ሥር፣ ማለትም ካርቦኑ፣ በብዛት ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው፤ ከቅንጣቱ ጋር የተጣበቀ ናይትሮጅንም አብሮ ይነጉዳል።

ሰው የሚምታታበት ሁለተኛው መንገድ ነው። ወደ ውስጥ የሰረገው ውሃ ናይትሬትን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የናይትሮጅን ዓይነትን፣ አሟሙቶ ቀስ እያለ ጅረቱ ውስጥ ይገባል። ሸክላ በአብዛኛው ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፣ ናይትሬትም እንደዚያው፣ ስለዚህ አይያያዙም። ሌላው የናይትሮጅን ዓይነት፣ አሞኒየም፣ ግን ፖዘቲቭ ስለሆነ አፈሩ ላይ ይጣበቃል።

እስቲ ከአንድ ጅረት ሁለት ጠርሙስ ቅዱ፤ አንዱን ዝናቡ እየወረደ፣ ሌላውን ከቀናት በኋላ። የመጀመሪያው ድፍርስ ነው፣ ትንሽ ሲቆይ ደለሉ ከታች ይዘቅጣል። ሁለተኛው ኩልል ያለ ነው፣ ናይትሬቱ ግን ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። በዓይን አይታይም፣ መለካት አለበት።

እስካሁን ያልኩት እርግጥ ነው። የሚለያየው መጠኑ ነው፦ እንደ ተዳፋቱ፣ እንደ አፈሩ ዓይነት፣ እንደ ተክል ሽፋኑ፣ በተለይ ደግሞ ማዳበሪያው ከዝናቡ ስንት ቀን ቀድሞ እንደተበተነ። እርከንም ደለሉን ይይዛል እንጂ ናይትሬቱን ብቻውን አያስቆምም፤ እሱን መጥጦ የሚያስቀረው በዚያ ሰዓት መሬቱ ላይ ያለ የተክል ሥር ነው።