«ቀላል የቫልቭ መፍሰስ» ምንድን ነው?

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥቶ ውጤቱን የተቀበለ ሰው «ቀላል የቫልቭ መፍሰስ» የሚለውን ሲያነብ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «ልብ» እና «መፍሰስ» ጎን ለጎን ሲጻፉ ያስፈራሉ። ነገር ግን ደሙ ከልብ ውጭ አይፈስም።

ቫልቭ ደም ወደ ፊት ብቻ እንዲያልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው፤ ልባችን አራት አለው። በሩ ሲዘጋ ጥቂት ደም ወደ መጣበት ከተመለሰ መፍሰስ ይባላል። ኢኮ የደሙን ጉዞ በቀለም ያሳያል፦ ወደ መሣሪያው የሚመጣውን በቀይ፣ የሚርቀውን በሰማያዊ። ረቂቅ ስለሆነ እጅግ ጥቂቱን እንኳ ያያል። ለዚህም ነው ትራይከስፒድ በሚባለው የቀኝ ቫልቭ ላይ ጥቂት መፍሰስ በአብዛኞቹ ጤነኛ ሰዎች የሚታየው። ቫልቩ ጤነኛ መልክ ካለው፣ የልቡ ክፍሎች ካልሰፉና ልብ ደምን በደንብ የሚረጭ ከሆነ እንዲህ ያለው መፍሰስ ብዙውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልገውም። (የመርጨት አቅም 60 በመቶ ተብሎ ቢጻፍም 40 ጎድሏል ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ልብም በአንድ ምት የያዘውን ደም ሁሉ አይረጭም።)

በእኛ አገር ግን «ቀላል ነው» ተብሎ መታለፍ የሌለበት አንድ ነገር አለ። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ራሱ የልብን ቫልቭ ያጠቃል። ይህ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በብዛት የሚጎዳው በግራ በኩል ያለው ማይትራል ቫልቭ ሲሆን፣ ጉዳቱ ምንም ስሜት ሳይኖር በኢኮ ብቻ ሊታይ ይችላል። በኡጋንዳ እንዲህ ያለ ድብቅ ሕመም የተገኘባቸው 818 ልጆችና ወጣቶች በሁለት ቡድን ተከፍለው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ከተወጉት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው 3 ብቻ ነበሩ፤ ካልተወጉት 33።

ስለዚህ ልጅዎ በግራ ቫልቭ ላይ ቀላል መፍሰስ ተገኘበት ከተባሉ ሐኪሙን ይጠይቁ፦ ቫልቩ ወፍሯል ወይ? እንቅስቃሴውስ ታግዷል? የወር መርፌ ያስፈልገዋል? ኢኮው መቼ ይደገም? በማንኛውም ዕድሜ ደግሞ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም ራስን መሳት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።